ከአረንጓዴው ቀለም ሥር

እኔ ቱሪድ በዚህ ደሴት ላይ የምታወቀው በምላሴ ነው። «ከመጋዝ ይስላል» ይሉኛል። ይበሉ! የጀልባ ጥገና ግቢያችን ውስጥ ብረት የምመረምረው እኔ ነኝ፤ ሰው ራስ ላይ የሚንጠለጠል ብረት ደግሞ በይሉኝታ አይመረመርም። የነጭ ጋዝ ጣሳዬንና ጠመኔዬን ይዤ ስመጣ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። «መጣች ደግሞ!» ይላሉ። አዎ መጣሁ፤ ምን ይጠበስ?

ከከተማ የሚላኩት መርማሪዎች መዓት ዕቃ ተሸክመው ነው የሚመጡት። እኛ ግቢ ግን የድሮው መንገድ አልቀረም። ብረቱ ይፋቃል፣ ነጭ ጋዝ ይቀባል፣ ትንሽ ይቆይና በጨርቅ ተወልውሎ ይደርቃል። ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ ይነሰነስበታል። ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ጋዝ መልሶ ያወጣውና ነጩ ላይ ጠቆር ያለች መስመር ብቅ ትላለች። ያኔ ስንጥቁን በጠመኔ እከበዋለሁ። ያንን ክብ ከእኔ በቀር ማንም አያጠፋውም፤ የግቢው ባለቤትም ቢሆን፣ ቄሱም ቢሆን። ብረቱ ተነቅሎ በሌላ ቢተካ እንኳ አሮጌው ከነክቡ እፊቴ ይቀርብና በገዛ እጄ እጠርገዋለሁ፤ ወደ ውድቅዳቂው ክምር የሚጣለው ከዚያ በኋላ ነው። ከአባቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው የምንሠራው።

ባሌ ኦድቫር የግቢው በያጅ ነው። ዝምተኛ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው። ግማሽ ዕድሜዬን አብሬው ኖሬአለሁ። ልጅ አልወለድንም፤ እናቴ ስትሞት ታናሽ ወንድሜ ማግነ ገና ትንሽ ስለነበር እሱን አሳደግን። ብስክሌት ያስተማረው ኦድቫር ነው። መጀመሪያ ባሕር የወጣ ቀንም የጎማ ቦቲውን የገዛለት ኦድቫር ነው። ማግነ አሁን ጎልማሳ ሆኖ «አልፍሪዳ» በምትባለው ጀልባ ላይ ይሠራል፤ ሲበዛ ቀልደኛ ነው፣ ዋዛ ካላወራ የሚታመም ይመስለዋል።

አልፍሪዳ ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ የሚጠመድበት ወቅት ከመድረሱ በፊት ለእድሳት መጣችና በሐዲዱ ተጎትታ የብስ ላይ ወጣች። እኔም እንደ ልማዴ ከላይ እስከ ታች ፈተሽኳት። መረቡን የሚስበው መዘውር ከክንዱ ጋር የሚያያዘው በአንድ ወፍራም ብረት ነው፤ ቀዳዳ ስላለው «ጆሮ» ይሉታል። ጠመኔዬ እዚያ ጆሮ ላይ ጠቆረ። ከቀዳዳው ጠርዝ የተነሳች አውራ ጣት የምታህል ስንጥቅ።

ማንም አልመታውም፣ ምንም አልወደቀበትም። ጆሮው ሲሠራ ጠርዙ ላይ አንዲት ጭረት ቀርታ ኖሯል። መረቡ ሲሳብ ትከፈታለች፣ ሲለቀቅ ትዘጋለች፤ በተሳበ ቁጥር ቅንጣት ታህል ወደ ውስጥ ትገፋለች። ብረት ደግሞ አመመኝ አይልም። ጤነኛው ክፍል እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ ጭነቱ ያቃተው ቀን ነው በአንዴ ድርግም ብሎ የሚበጠሰው። ያ ቀን ሲመጣ ከጆሮው ሥር ቆሞ መረቡን የሚቀበለው ሰው ደግሞ ማግነ ነው። ቦታው እዚያ ነው።

ከበብኩት። ካፒቴኑ አስላክ እየተንጎራደደ መጣ።

«ቱሪድ፣ በናትሽ! የስንጥቁን ጫፍ ሰርስረን እንለፈው። ቀዳዳ ካገኘ ስንጥቅ ይቆማል ስትይ አልነበር?»

«ለሞተር ክዳን ብያለሁ። ይሄ ሰው አናት ላይ ነው የሚንጠለጠለው።»

«አዲስ ጆሮ እስኪሠራ ሄሪንጉ ያልቃል እኮ!»

«ይለቅ።»

«ወይ ከአንቺ ጋር!» ብሎ ጓንቱን መሬት ላይ ወረወረው።

የዚያን ዕለት ሐሙስ ቡና ለመጠጣት ሼዱ ውስጥ ስንሰበሰብ አስላክ ንዴቱን የሚያራግፍበት ሰው ፈልጎ ኖሮ ኦድቫርን ያዘው። «ስማ ኦድቫር፣ አንተንስ የት የት ላይ ነው የከበበችህ?» ሰዎቹ ሳቁ። «ሽንት ቤት ለመሄድም ታስፈቅዳለህ አሉ፣ እውነት ነው?» አሁንም ሳቁ። ኦድቫርም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቲማቲም መሰለ። እኔ መቼ ዝም እላለሁ! «አስላክ፣ አንተንም የሚከብህ ብታገኝ ኖሮ ሚስትህ ጥላህ ባልሄደች ነበር» አልኩት። ሼዱ በሳቅ ተናጋ። በዚያው አለቀ ብዬ ነበር። ባሌ ከዚያ በኋላ ዳቦውን እንዳልጨረሰ አይቻለሁ፤ ቁም ነገር ግን አላደረግኩትም።

ማታ ቤት ስንገባ ኦድቫር ራሱ ወሬውን አነሳው። «ዋናው መሬት ያለ አንድ ጓደኛዬ እንደዚያ ያለ ጆሮ አለው። ቅዳሜ አስመጥቼ እቀይረዋለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ግንባሩን ሳምኩት። እኔ ደግሞ አክስቴ ታማ ስለነበር በማግስቱ እሷን ልጠይቅ በመርከብ ተሻገርኩ።

ሰኞ ጠዋት ስመለስ አልፍሪዳ እሑድ ወደ ባሕር ወርዳ ወደቡ ላይ ታስራለች። ተወልውላ፣ አረንጓዴ ተቀብታ፣ ሙሽራ መስላለች። ሰዎቹ በረዶ እየጫኑ ነው። ኦድቫርን ሼዱ በር ላይ አገኘሁት።

«ተቀየረ?»

«ተቀየረ።»

«ተባረክ! በል አሮጌውን አምጣልኝና ክቤን ልጥረግ።»

ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። «እ… ሳወርደው ከእጄ አመለጠና ባሕር ገባ።»

«እሺ» ብዬ ጥቂት እንደ ተራመድኩ ክው አልኩ። ቅዳሜ አልፍሪዳ የት ነበረች? የብስ ላይ! ከእሷ የወደቀ ነገር ሲሚንቶ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ ድንጋይ ብወረውር እንኳ ባሕሩ ጋ አይደርስም። ዘወር ብዬ አየሁት፤ ኦድቫር አሁንም ባሕር ባሕሩን ያያል። ውሸት ነው አላልኩም፤ ገና ማለት አልቻልኩም። የተሳሳትኩት እኔ በሆንኩ ብዬ እየለመንኩ ነው ጣሳዬን ይዤ ወደ ጀልባዋ የሄድኩት።

«አሁን ደግሞ ምን ቀረሽ?» አለ አስላክ።

«ክንዱን አውርዱልኝ።»

«አብደሻል እንዴ! ልንነሳ እኮ ነው።»

ማግነ እየሳቀ ወደ ማንሻው ሄደ። «ላውርድላት ባክህ። እኔ አብሬያት አድጌአለሁ፤ ያለችውን ካላደረጉላት እስከ ሐሙስ እዚሁ ነን።»

ክንዱ ወረደ። ቢላዬን አውጥቼ አረንጓዴውን ቀለም ፋቅኩት። አዲስ ብረት የለም። ያው አሮጌው ጆሮ ነው። ክቤን ጠርጎታል፣ ስንጥቁ ላይ በይዶበታል፣ ብየዳውን ሞርዶ አለስልሶታል፣ ቀለም ደርቦበታል። ሥራው ደግሞ እንዴት ያምራል! የኦድቫርን እጅ ሺህ ብየዳ መሀል ብታስቀምጡት አውቀዋለሁ። ማንም ሌላ ሰው ቢሠራው በጮህኩ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የጣሳዬን ክዳን ከፈትኩ።

ነጩን ጋዝ ቀባሁ፣ ወለወልኩ፣ ጠመኔውን ነሰነስኩ። ሰዎቹ ዙሪያዬን ከበው ያሾፋሉ። «ሊበስል ነው?» ይላል አንዱ። «ጨው አነሰው» ይላል ሌላው። ማግነም «ለእኔ ቅቤ አብዢበት» አለ። ከዚያ መስመሯ ብቅ አለች። ከብየዳው ጎን ለጎን ሄዳ፣ ብየዳውን አልፋ፣ ሌላ ጤነኛ ብረት ውስጥ ገብታለች። ሐሙስ አውራ ጣት ያህል ነበረች፤ አሁን የመሀል ጣቴን ትበልጣለች። የብየዳው እሳት ብረቱን አድርቆ ወጥሮት የባሰ ሰንጥቆታል። ሳይነካው ትቶት ቢሆን እንኳ ይሻል ነበር።

«የቀለም ጭረት ነው» አለ አስላክ ቶሎ ብሎ።

ኦድቫር ተከትሎኝ መጥቶ ጀልባዋ ላይ ወጥቷል። ወደ እሱ ዞርኩ። «ኦድቫር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አዲስ ነው ብዬሽ የለም? የሚታይሽ የፋብሪካው ብየዳ ነው» አለኝ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እኔን! ብረት የማላውቅ አስመሰለኝ። አስላክ ፈገግ አለ። ያኔ ነው ሁለቱ አንድ ላይ እንደ መከሩበት የገባኝ። ደሜ ፈላ።

«ጥሩ» አልኩ። «አዲስ ከሆነ እንየው። ክንዱን መልሱት። መረቡ ላይ የበረዶውን ሣጥኖችና የመልሕቁን ሰንሰለት ጫኑና አንሡት። ኦድቫር ደግሞ ማግነ ቦታ ላይ ሄዶ ይቁም።»

«ይኸው! ጭቅጭቁ አለቀ» ብሎ ማግነ አጨበጨበ። «ቁምላትና እንገላገል ኦድቫር፤ ሄሪንጉ እየሄደ ነው።»

ገመዱን የሚጠቀልለው ዊንች ጮኸ። ገመዱ ተወጠረ፣ መረቡ ከወለሉ ተነስቶ መወዛወዝ ጀመረ። ኦድቫር ከክንዱ ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሟል።

«ቁም እንጂ» አልኩት።

«እኔ የጀልባ ሰው አይደለሁም… ምን አስቆመኝ?» አለ።

«ቁምላት፣ ምን አለበት?» አለ ማግነ አሁንም እየሳቀ።

ኦድቫር ከንፈሩን ላሰ። ቀና ብሎ ጆሮውን አየ፣ መረቡን አየ። እግሩ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ሳቁ ከማግነ ፊት ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። «ኦድቫር» አለው ማግነ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ። «ክረምቱን ሙሉ እኔ የምቆምበት ቦታ ነው እኮ።»

ኦድቫር አንገቱን ደፋ።

ማግነ ሻንጣውን ከጓዳው አወጣና እኔንም ባሌንም ሳያይ ወደ ወደቡ ወረደ። ያ ዋዛ የማያልቅበት ልጅ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። አስላክ እየተሳደበ መረቡን አውርዶ ዊንቹን አጠፋው፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ሻንጣቸውን እያነሱ ወረዱ። ማንም ሰው በዚያ ጆሮ ሥር ሊሠራ እንደማይወጣ አስላክም ገብቶታል።

እኔና ኦድቫር ብቻ ቀረን።

«ሄሪንጉ እስኪያልቅ ይችላል ብዬ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከወቅቱ በኋላ እቀይረው ነበር። ሁሉም ሲስቅብኝ… አስላክ ‹በቤትህ አንድ ነገር እንኳ ራስህ መወሰን አትችልም?› አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ያንቺን ክብ አልፌ…»

«በልጁ ራስ ነው ያለፍከው?»

«በእሱ ላይ ክፉ አስቤ አይደለም! ታውቂዋለሽ፣ እወደዋለሁ።»

መውደዱን አውቃለሁ። የገረመኝም፣ አንጀቴን የቆረጠውም ይኸው ነው። ሐሙስ ማታ ግንባሩን ስስመው፣ እሑድ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ስልክ ደውዬ «ደከመህ አይደል፣ ረፍት አድርግ» ስለው፣ ዛሬ ጠዋት «ተባረክ» ስለው፣ ሁሉንም ጸጥ ብሎ ተቀብሎኛል። ጠላት ያደረገው ቢሆን ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። ይሄንን ግን በምን ስድብ ላውጣው? ምላሴ ከመጋዝ ይስላል የሚሉኝ ሰዎች ያን ጊዜ ቢያዩኝ ኖሮ ያዝኑልኝ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አልኩት። «ማዕበል በተነሳ ቁጥር የአየሩን ዜና ለመስማት ሬዲዮኑ ሥር ተቀምጬ ስለ ማግነ እንደምጨነቅ ታውቃለህ። ዘንድሮም እንደዚያው ስጨነቅ፣ አጠገቤ ተቀምጠህ፣ ይሄንን ጆሮ እያወቅክ፣ ምን ልትለኝ ነበር?»

ሊዋሸኝ ይሆን ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት። አልዋሸኝም።

«አይዞሽ ልልሽ ነበር» አለኝ።