ይሄ ወንበር የማን ነው?

ልብስ ሰፊዋ ሙሽራውን ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላመነችውም። የጥርስ ሐኪም ነው። ቀኑን ሙሉ እጁን ሰው አፍ ውስጥ ከትቶ የሚውል ሰው ምኑ ይታመናል? ደግሞ ሳቅ ያበዛል። «ለገበያው ነው የሚስቀው» ትላለች ለጎረቤቶቿ።

ሠርጉ እንደ ሰው ሠርግ በአዳራሽ መሆኑ ቀርቶ ከከተማ ርቆ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ፣ በጣት ለሚቆጠር ሰው ብቻ ይደረጋል ሲባል ጥርጣሬዋ ባሰባት። የሚደብቀው ባይኖር ሰው ለምን ይሸሻል? ሚስት አለችው፤ ወይ ልጅ አለው። አንዱ አይቀርም።

የምትድረው እኮ ያለችውን አንዲት ልጅ ነው። አልወለደቻትም፤ የእህቷ ልጅ ናት። እህቷ ስታርፍ ልጅቷ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ቀሚሷን ጨብጣ አልለቅ ስላለች «ሙጫዬ» አለቻት፤ ሙጫዬም በፈንታዋ «እማዬ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቃል ነው የኖረችው። አንድ ቀን «አባቴስ?» ስትላት «እሱም ሞቷል» ብላ ነገረቻትና ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

የሠርጉ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ወንበሮቹ አሸዋው ላይ ሲደረደሩ ከእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ወርዳ አየቻቸው። ፊት ለፊት ከእሷ ወንበር ጎን ሌላ ወንበር ተቀምጧል።

«ይሄ ወንበር የማን ነው?»

ሙሽራው ባዶ እግሩን አሸዋው ላይ ቆሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ አያት። «እሱማ... ለቦርሳዎ ነው።»

«ቦርሳዬን ጭኔ ላይ ነው የማስቀምጠው።»

«እንግዲያው ነፋሱን ይከልልዎት ብዬ ነው።»

ወንበር ነፋስ ሲከልል ታይቶ አይታወቅም። መዋሸት እንኳ በቅጡ አይችልም። ይሄ ሰው ጥርስ ሲነቅል «አያምም» የሚለውን ማን ያምነው ይሆን?

ትንሽ ቆይቶ ሙሽራው በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዞ በጓሮ በኩል ወዳለው የመጨረሻ ክፍል ሲሄድ አየችው። አንኳኳ፤ ተከፈተለት፤ ሰጥቶ ተመለሰ። «ያዝኩህ!» አለች በሆዷ። ጫማዋን አውልቃ ሄደች። ከመታጠቢያው ውስጥ የውኃ ድምፅ ይሰማል። የክፍሉን በር ገፋ አድርጋ ገባች።

የሴት ጫማ ፈለገች፤ ሻርፕ ፈለገች፤ ማበጠሪያ ፈለገች። የለም። አልጋው ላይ ያለው አንድ አሮጌ የወንድ ሱፍ ብቻ ነው።

የልብስ ሰፊ እጅ አያርፍም። ኮቱን አነሳችና ገበሩን ገለጠችው። የውስጥ ኪሱ በቀኝ በኩል ነው። የውስጥ ኪስ በግራ ነው የሚሰፋው፤ ሰው በቀኝ እጁ ዕቃውን እንዲያወጣ። በዕድሜዋ በቀኝ የሰፋችው አንዴ ብቻ ነው፤ ለእህቷ ባል፣ ለሠርጉ፣ ግራኝ ስለነበር። ስፌቱንም አወቀችው። የራሷ ነው።

ኮቱን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። የሙጫዬ አባት አልሞተም። በአፏ የገደለችው እሷ ናት። ሚስቱን ከቀበረ በኋላ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ቆይቶ ሲመለስ፣ «ልጅቷ ለምዳኛለች፤ ሁለተኛ እንዳትመጣ» ብላ በሩን ዘጋችበት። ይወስድብኛል ብላ ፈርታ ነበር። ሌላ ምንም ምክንያት አልነበራትም።

ቀና ስትል ሙጫዬ በሩ ላይ ቆማለች፤ እሷ የሰፋችላትን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ በእጇ መርፌና ክር ይዛ።

«አገኘሽው» አለቻት። አልጮኸችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ዓመት አልፎታል። ጥርሱን ሊታከም እጮኛዬ ጋ ሄዶ ፎቶዬን ጠረጴዛው ላይ አየ። የእናቴ መልክ ሆነበትና እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሰ። እጮኛዬ ደግሞ መርፌው ያመመው መስሎት ይቅርታ ሲጠይቅ ነበር አሉ።»

«ታዲያ እንዴት ዝም አልሽኝ?»

«አንቺስ?»

መታጠቢያው ውስጥ ውኃው ቆመ። አሁን «አክስቴ» ትለኛለች ብላ ጠበቀች። ከዚህ የባሰ የሚያስፈራት ነገር ዓለም ላይ የለም፤ ይገባኛል አለች በሆዷ፣ ግን አልችለውም።

ሙጫዬ ከአጠገቧ ተቀመጠች። «አዳራሽ ቢሆን ኖሮ ጎረቤቱ ሁሉ እሱን ካንቺ ጎን ሲያይ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። የሰው አፍ ውስጥ እንዳትገቢ ብዬ ነው እዚህ ድረስ ያመጣሁሽ። እጮኛዬንም ዋሽልኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልቻለበትም እንጂ።» ከዚያ ሱሪውን ከአልጋው አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። «ከዚህ ሌላ ልብስ አልለብስም ብሎ የሱሪው ወገብ እንቢ አለው። እኔን ደግሞ መርፌ መያዝ አላስተማርሽኝም። ምን ይሻላል፣ እማዬ?»

ልብስ ሰፊዋ ሱሪውን ገለበጠችና የወገቡን ስፌት በጣቶቿ ዳሰሰች። ከውስጥ የታጠፈ ጨርቅ አለ። «ሲያገባ መወፈሩ አይቀርም» ብላ ከእህቷ ጋር እየተሳሳቁ ያስቀረችው ነው።

«ይበቃው ይሆን?» አለች ሙጫዬ።

እንባዋን በክንዷ ጠረገችና አሮጌውን ክር መተርተር ጀመረች።

«ይበቃዋል። ያኔ ትቼለት ነበር።»