የሚናገር ጣውላ

እኔ ቶሎ ነው የምናደደው። ባሌ መልካሙ «ሳይነኩሽ ትንጨረጨሪያለሽ» ይለኛል። ያን ሰሞን ግን የጮህኩት በገዛ አባቴ ላይ ነው።

አባዬ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ከቡሬ ገጠር አምጥቼ ፍኖተ ሰላም እኛ ቤት አስቀመጥኳቸው። ቀን ቀን ደጅ በርጩማ ላይ ይውላሉ። አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ቄስ ክንፈሚካኤል ሊጠይቋቸው መጡ። ግቢያችን ለስላሳ አፈር ነው፤ ኮቴ አይሰማም። ቄሱ አጠገባቸው ቆመው «እንደምን ዋልህ አዛናው» ሲሉ አባዬ እንደተቀመጡ ነበሩ። ለመጣው ሁሉ ብድግ ብለው «ኖር!» የሚሉት ሰውዬ ለካህን ሳይነሱ ቀሩ! ቄሱ «ምን ችግር አለው» ቢሉም አባዬ ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

በማግስቱ «ወደ አገሬ መልሱኝ» አሉኝ። «እዚያ ሰው ገና ከአጥር ውጪ ‹ቤቶች!› ብሎ ይጣራል። እዚህ ግን ሰው ሲመጣብኝ እንደ ድንጋይ ተጎልቼ ቀረሁ።»

እናቴ ሞታለች፤ እዚያ ማን ሊያያቸው? ደህና መቀመጫ ቢያገኙ ይረሱታል ብዬ ከመሬት ከፍ ያለ በረንዳ ላሠራላቸው ተነሳሁ። ጊዜው የሚሊኒየሙ ማግስት ነው፤ ሲሚንቶ የውሃ ሽታ ሆኗል። ስለዚህ በእንጨት ይሠራ ተባለ። እሳቸው ይምረጡ ብዬ አናጢውን ደረሰን አስከትዬ፣ አባዬን በእጄ ይዤ ጣውላ መሸጫው ሄድን።

ደረሰ ዋንዛውን አወደሰ፣ ጥዱን አወደሰ። አባዬ ግን ጣውላዎቹን ድንጋይ ላይ አጋድመን በየተራ እንድረግጣቸው አዘዙኝ። ዋንዛው ዝም። ጥዱም ዝም። ባሕር ዛፉን ስረግጠው ሲጥጥ! አለ።

«ይኼ ይሁንልኝ» አሉ።

«ኧረ በሥላሴ!» አለ ደረሰ። «ይኼ እኮ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ በተረገጠ ቁጥር ይጮኻል!»

አባዬ ርካሹን የመረጡት ለኪሴ አዝነው መስሎኝ ደሜ ፈላ። «ልጅዎ ደህና እንጨት መግዛት ያቅታታል? ሰው ምን ይለኛል?» ብዬ ጮህኩ። ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየን።

አባዬ ጣውላውን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ይኼ እንኳ ሰው ሲመጣ ይነግረኛል» አሉ ቀስ ብለው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባሕር ዛፉን አስጫንኩ።

ደረሰ እያጉረመረመ ሠራው። እግሮቹን ምስጥ እንዳይበላቸው የተቃጠለ ዘይት ቀባቸው፤ ሚስማሩን አባዬ እንዳዘዙት ሳያጠብቅ መታው። «ማን ሠራው ሲሉሽ ስሜን እንዳትጠሪ» ብሎኝ ሄደ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቄሱን ጠራን። የመጀመሪያውን ጣውላ ገና እንደረገጡ ሲጥጥ አለ፤ አባዬ ብድግ! «ኖር አባ!»

«በእግዜር፣ በእግዜር!» አሉ ቄሱ እየሳቁ። አባዬ ያን ቀን ምሳቸውን ጥርግ አድርገው በሉ። አገሬ መልሱኝ ማለትም ቀረ።

አንድ ከሰዓት አባዬ በረንዳው ላይ ያንቀላፉ መሰለኝ። እንዳልቀሰቅሳቸው ጫማዬን አውልቄ፣ ውሃ ላስቀምጥላቸው በእግሬ ጣቶች እየሄድኩ ወጣሁ። አይ ባሕር ዛፍ፣ መች ይምረኛል! ሲጥጥ አለ።

ብድግ አሉ። «ኖር!»

«ኧረ እኔ ነኝ አባዬ፣ ያምሮት! ለልጅ ይነሳል እንዴ?»

«አንቺ መሆንሽንማ አውቄ ነው» አሉኝ። እኔ እስክቀመጥ ድረስም አልተቀመጡም።