«ሄደ» እስኪባል

፩

እጁ እንደገና ቆመ።

ቢላዋው ከበሽተኛው ሆድ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ አየር ላይ ቀርቷል። ሐኪሙ እግሮቹን ፈርከክ አድርጎ ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከሲሚንቶው በታች የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ አለ። ቅርብ የሚባለው ባሕር ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ሰውዬው ግን ሞገድ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

እናንተም ትንሽ ጠብቁት። ተመልሰን እንመጣለን።


፪

የግል ማኅደር

ስም፦ ኮማንደር ዶክተር ወንድይራድ ጥላዬ
የትውልድ ቦታ፦ መርሐቤቴ (ከወንዝ በቀር ውኃ የማይታወቅበት)
ሙያ፦ የቀዶ ጥገና ሐኪም
የቀድሞ መሥሪያ ቤት፦ ባሕር ኃይል፣ መጀመሪያ ምፅዋ፣ ባጠቃላይ አሥራ አራት ዓመት
የአሁን መሥሪያ ቤት፦ አንድ የስምጥ ሸለቆ ሆስፒታል (የከተማዋን ስም አልነግራችሁም፤ ሰዎቹ ጎረቤቶቼ ናቸው)
መዋኘት ይችላሉ?፦ «ሲቀጥሩኝ አልተጠየቅኩም።»

በቅንፍ ያለው የእኔ ነው። የመጨረሻው መልስ የራሱ ነው።


፫

ባሕር ኃይል የገባው በዕጣ ነው። በ1969 ዓ.ም. ሦስት አዲስ ሐኪሞች ከአንድ ባርኔጣ ውስጥ ሦስት ብጣሽ ወረቀት አወጡ። ለአንደኛው ምድር ጦር፣ ለሁለተኛው አየር ኃይል ደረሳቸው። ለወንድይራድ የቀረለት ባሕሩ ነበር።

እናቱ ይህን ስትሰማ «ልጄን ዓሣ ሊበላብኝ ነው» ብላ ሦስት ቀን ተከዘች። በአራተኛው ቀን አንድ ስልቻ በሶ አስይዛ ሸኘችው። ምፅዋ ሲደርስ ሙቀቱ ሸሚዙን ከጀርባው ጋር አጣብቆት ነበር፣ በሶውን ግን ማንም አልነካበትም። መርከቧ ላይ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት የበላውን ሁሉ ለቀይ ባሕር አስረከበ። በሁለተኛው ሳምንት ተሻለው። እንዲህ ነው፣ ሰው ይለምዳል። መከራው የሚጀምረው ከለመደ በኋላ ነው፤ እሱን ደግሞ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።


፬

በባሕር ላይ ሆድ ለመክፈት የሚረዳ መመሪያ

ጠረጴዛውን በብሎን ከወለሉ ጋር እሰር።
በሽተኛውን ከጠረጴዛው ጋር እሰር።
ራስህን ከማንም ጋር አትሰር። መርከቧ ስትዘነብል አብረህ ዘንበል በል።
ካፒቴኑ ፍጥነት እንዲቀንስ ለምን። እንቢ ካለህ በሽተኛው ወጥ ቤቱ ነው በለው፤ ወዲያው ይቀንስልሃል።
በሞገድ ላይ አትቁረጥ።

የመጨረሻውን ወንድይራድ ከመጽሐፍ አላገኘውም። ያስተማረው በሽተኛ ነው።


፭

በሽተኛው እድሪስ የሚባል መርከበኛ ነበር፤ የዳህላክ ልጅ፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ። ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ደርሷል። ወገቡ ላይ መርፌ ወግተው ከደረቱ በታች አደንዝዘውታል። አፉ አልደነዘዘም።

ሐኪም፦ አሁን ልጀምር ነው። ዝም በል።
እድሪስ፦ ይቆዩ ዶክተር። መጣ።
ሐኪም፦ ምኑ?

(መርከቧ ዘለለች። ቢላዋው የሐኪሙን ግራ አውራ ጣት ከነጓንቱ ላጠው።)

እድሪስ፦ እሱ ነዋ።
ሐኪም፦ እንዴት አወቅህ?
እድሪስ፦ በጀርባዬ አይደል የተኛሁት። ባሕር በጀርባ ይሰማል፣ በባዶ እግርም ይሰማል። በጫማ ግን አይሰማም። እናንተ ሁላችሁ ጫማ አድርጋችኋል።
ሐኪም፦ (ጣቱን እያሰረ) እና አሁንስ?
እድሪስ፦ አሁን ሄደ። ይቁረጡ።

እድሪስ የገዛ ሆዱን ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መራ። «መጣ» ሲል ቢላዋው ይነሳል፣ «ሄደ» ሲል ይወርዳል። በአሥረኛው ቀን ስፌቱ ወጣለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሕር ላይ ሆድ በተከፈተ ቁጥር ጫማውን አውልቆ በሩ ላይ ይቆም ነበር። ሁለት ቃል ብቻ ነው ሥራው። በነዚያ ዓመታት ወንድይራድ እጅ ላይ የሞተ ሰው የለም አልልም። በሞገድ የሞተ ግን የለም።


፮

1983።


(ነጩን ቦታ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ያን ዓመት ያየ ሰው ራሱ ይሞላዋል።)

ባሕር ኃይሉ ፈረሰ። ወንድይራድ በአንድ ሻንጣ ወደ መሀል አገር መጣ፣ እድሪስ ወደ ደሴቱ ተመለሰ። ሲሰነባበቱ እድሪስ፣

«ዶክተር፣ የብስ ላይ ማን ይጠራልዎታል?» አለው።

ወንድይራድ ሳቀ። «የብስ ምን ሞገድ አለው ብለህ ነው?»

እውነቱን ነው፣ የለውም። ይህን ለእጁ የነገረው ግን አልነበረም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ?


፯

ስለ ኮማንደሩ በሆስፒታሉ የተባለ

ላቦራቶሪ፦ «ይጠጣል።» (ጠላ እንኳ አይቀምስም።)
ጽዳት፦ «የባሕር መንፈስ ተከትሎት መጥቷል።»
ካርድ ክፍል፦ «ለትርፍ ሰዓት ክፍያ ሰዓት እየሞላ ነው።»

በአርባ ደቂቃ የሚያልቀው ሥራ እሱ ዘንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይቆርጣል፣ ያቆማል፣ ይወዛወዛል፣ ደግሞ ይቆርጣል። የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ፍሬሰንበት በዕድሜ ልጁ ይሆናል። ክፉ አይደለም፤ ነገር እንዳይመጣበት የሚፈራ ሰው ነው። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ጠራው።

«ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነው። የቅዳሜ ሥራዎን ሲስተር የሺመቤት ትመዝነዋለች። መሣሪያ አቀባይዋ እሷ ስለሆነች ከሷ የበለጠ የሚያይ የለም። ቅጹ ላይ ጉድለት ከተገኘ ከሰኞ ጀምሮ ተመላላሽ ክፍል ይሆናሉ።»

«ሳልና ቁርጠት ላይ ማለትህ ነው?»

«ቀለል ያለ ነው፣ ጋሼ።»

ወንድይራድ ፈራ። ማዕበል ያየ፣ ጥይት ያየ ሰውዬ አንዲት ቅጽ ፈራ። ሚስት አላገባም፣ ልጅ የለውም፣ መርከቡም የለም። የቀረው ነገር ሆድ ከፍቶ የታመመውን ማውጣት ነው። እሱ ከተወሰደበት ምን እንደሚሆን አያውቅም።


፰

ቅዳሜ ጠዋት። የእጅ መታጠቢያው ዘንድ።

ሲስተር የሺመቤት፦ ዶክተር፣ ሲሠሩ ከንፈርዎ ከጭምብሉ በታች ይንቀሳቀሳል። ምን እያሉ ነው?
ወንድይራድ፦ ይህም ቅጹ ላይ አለ?
ሲስተር፦ የለም። የራሴ ጥያቄ ነው።

ነገራት። እድሪስን፣ ባዶ እግሩን፣ ሁለቱን ቃላት። ለሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነው፣ እና አፈረ።

ሲስተር፦ ታዲያ ለምን ጮክ ብለው ለራስዎ አይሉትም?
ወንድይራድ፦ ብዬዋለሁ። እኔ ስለው አላምነውም። አየሽ፣ እኔ ጫማ አድርጌያለሁ።

ሲስተር የሺመቤት ሃያ ሁለት ዓመት በነርስነት ሠርታለች። ጥርስ ነክሳ እውነት በመናገር ትታወቃለች፤ አንዴ የገዛ አክስቷን ልጅ በማርፈዱ ሪፖርት ያደረገች ሴት ናት። «እሺ» አለችና እጇን ታጠበች። «እሺ»ዋ ምን ማለት እንደሆነ እሱ አልገባውም።


፩ (እንደገና)

እጁ እንደገና ቆመ።

ጠረጴዛው ላይ ያሉት አቶ ደበላ ናቸው፣ የሽንኩርት ነጋዴ። አንጀታቸው ተጠማዟል። ከንጋት ጀምሮ ደም ስላልደረሰው እየጠቆረ ነው፤ ቶሎ ካልተፈታ ይሞታል፣ እሳቸውም አብረው። ዶክተር ፍሬሰንበት ግድግዳውን ተደግፎ ሰዓቱን ያያል።

ቢላዋው አየር ላይ ነው። ወንድይራድ በልቡ «ሄደ» አለ። አላመነም። ደግሞ አለ። እጁ ንቅንቅ አላለም።

ሲስተር የሺመቤት ወለሉን አየች። ሲሚንቶ። ግድግዳውን አየች። ኖራ። ከዚያ በበሽተኛው ራስ በኩል ማደንዘዣ የሚሰጠውን ሰው አየች፤ በእጁ የያዛት ጥቁር ፊኛ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ትነፋለች፣ ትሟሽሻለች። ፊኛዋ ስትሟሽሽ የአቶ ደበላ ሆድ ይነሳል። ፊኛዋ ስትሞላ ሆዳቸው ይወርዳል።

«መጣ» አለች፣ ሆዱ ሲነሳ።

ወንድይራድ ቀና አለ።

«ሄደ» አለች።

እጁ ወረደ።

«መጣ።»

«ሄደ።»

ከዚያ በኋላ መወዛወዙ አልቀረም፤ ግን ከአቶ ደበላ ሆድና ትንፋሽ ጋር እኩል ይወዛወዝ ጀመር። በ«መጣ» ይታገሣል፣ በ«ሄደ» ይሠራል። ጠማማውን አንጀት አገኘው፣ ፈታው፣ በሞቀ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልሎ ጠበቀ።

«ሲስተር፣ ምን እያልሽ ነው?» አለ ዶክተር ፍሬሰንበት ከግድግዳው።

«ጸሎት ነው።»

ጥቁሩ አንጀት መጀመሪያ ሐምራዊ ሆነ፣ ቀጥሎ ቀይ። ከጭምብሉ በላይ የሚታዩት የወንድይራድ ዓይኖች እንባ አቀረሩ፣ እሱም አልደበቀውም።


፲

አሁን ወንድይራድ ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ወንበር ቢኖርም ቆሟል። በበሩ መስታወት በኩል ሲስተር የሺመቤትን ያያታል። ዶክተር ፍሬሰንበት ቅጹን ሊቀበል አጠገቧ ቆሟል። የምጽፈው እኔ ነኝና ወረቀቱን ላሳያችሁ፤ እሱ ከቆመበት አይታየውም።

የምዘና ቅጽ

የበሽተኛው ሁኔታ፦ ደህና ናቸው። ነቅተው ስለ ሽንኩርታቸው ጠይቀዋል።
የፈጀው ጊዜ፦ 48 ደቂቃ።
ሐኪሙ ያለ ምክንያት እጁን አቁሟል?፦ ያለ ምክንያት አላቆመም።
ሐኪሙ ሥራውን ያለ ሰው እርዳታ መወጣት ይችላል?፦

እዚህ ላይ ብዕሯ ቆመ። ከወረቀቱ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ አየር ላይ ቀርቷል። ቀና ብላ በመስታወቱ አየችው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ ድምፁ ግን መስታወቱን አያልፍም።

እናንተ ቅርብ ናችሁ። ጫማችሁን አውልቁ፣ ወለሉን ስሙት፣ የመጀመሪያውን ቃል እኔ እላለሁ፤ ሁለተኛውን ጊዜው ሲሆን እናንተ ንገሯት።

«መጣ።»



«____________»