ከውጭ የሚቀረቀር በር

ጃርት ለመሳል ብዬ ጃርት ፍለጋ መሄዴን የሰማ ሁሉ ሳቀብኝ። ይሳቅ! እኔ በሕንፃ ንድፍ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ድራፍትማን ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ያላየሁትንና ያልለካሁትን ነገር ወረቀት ላይ አላሰፍርም። ጡረታ ወጥቼ የልጆች መጽሐፍ ልጽፍ ስነሳም ማስመሪያዬንና ደብተሬን ይዤ እስከ ዱር እንስሳት ማቆያው ሄድኩ። ጠባቂው፣ "አባት፣ ልብስ ሊሰፉላት ነው?" አለኝ። "አዎ፣ ሙሉ ሱፍ" አልኩት። የእሾኋን ርዝመት ከአጥሩ ሽቦ ጋር በዓይኔ እያስተያየሁ ግማሽ ቀን ቆሜ ዋልኩ። ጃርቷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች፤ የሳልኩትም ጀርባዋን ነው።

ይሄ ሁሉ ልፋት ለአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ነው። የልጄ ልጅ ናት። አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ፌንጣ እላታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አባቷ ያመጣታል፣ አስር ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስዳታል። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ከሳምንቱ ውስጥ የኔ የምለው ቀን ቅዳሜ ብቻ ነው፤ የቀሩት ስድስቱ ቅዳሜን መጠበቂያ ናቸው።

ይቺንም ቅዳሜ ያገኘኋት በስንት ደጅ ጥናት ነው። አንድያ ልጄ አይሰድበኝም፣ አይጮህብኝም። ግን ልጁን ሊያስረክበኝ ሲመጣ ቤቱን በዓይኑ ሲፈትሽ አየዋለሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ በሩ ላይ ቆሞ፣ "አባዬ፣ ምንም ብታጠፋ በር እንዳትዘጋባት። የዘጋህባት ቀን ሁለተኛ አታያትም" አለኝ። ልጅቷ ሽንት ቤት ስትገባ እንኳ በሩን ገርበብ አድርጋ ነው የምትተወው። ያስተማራት እሱ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደሚል አውቃለሁ። ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ጓዳ ውስጥ ቆልፈህብኝ ዋልክ ይለኛል። እኔ ደግሞ፣ ትኩሳት ይዞህ ቃዥተህ ነው እለዋለሁ። እናቱም እስክትሞት ያለችው ይህንኑ ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስንባባል ኖርን፤ ቤተዘመዱም ከኔ ጎን ቆመ። የአክስቶቹ ልጆች "ቅዠቱ" የሚል ስም አወጡለትና ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶም አልለቀቀውም። በሠርጉ ቀን ሳይቀር በዚሁ ስም ጠሩት፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

እውነቱን ትፈልጋላችሁ? ቆልፌበታለሁ። ያን ቅዳሜ እናቱ እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። ሰኞ የሚረከብ የአንድ ትምህርት ቤት ንድፍ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል፤ የሦስት ሳምንት ሥራ። ልጁ መጣና የቀለሙን ጠርሙስ ደፋበት። ደሜ ፈላ። አንጠልጥዬ ጓዳ ከተትኩት፣ መቀርቀሪያውን ጣልኩበት፣ ወረቀቴን ጠቅልዬ እንደ አዲስ ልሠራው ወደ ቢሮ ሄድኩ። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ "እስከ ምሳ" ሆነ፤ ከዚያ ረሳሁት። ረሳሁት ስል ደግሞ እየዋሸሁ ነው። ሁለት ጊዜ ትዝ ብሎኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ "ይቺን ልጨርስና" አልኩ። ስመለስ መሽቶ ነበር። በሩን ስከፍተው ልጁ አላለቀሰም። የጣቶቹ ጫፍ ደምቷል።

በማግስቱ ትኩሳት ጣለው፤ ሰባት ቀን ሙሉ ነደደ። እናቱ ስትመለስ "ይቃዣል፣ የሚለውን አትስሚው" አልኳት። እሱ በተኛበት መቀርቀሪያውን ፈታሁ፣ የብሎኖቹን ቀዳዳ በስቱኮ ደፈንኩ፣ በሩን ከላይ እስከ ታች ቀለም ቀባሁት። የሠራሁት በደንብ ነው፤ ሥራ መቼ ይከብደኛል! ሲሻለው እጁን ይዤ ወሰድኩትና፣ "የታለ መቀርቀሪያው? እስኪ አሳየኝ!" አልኩት። በሩን በታመመ ጣቱ እየዳበሰ ፈለገ። አላገኘም። መቀርቀሪያ እንደነበረ የምታውቀው እናቱም የኔኑ ቃል ደገመችለት። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይባል የለ? እኔም ማውረድ አቃተኝ። ያ ቤት ለመንገድ ሥራ ፈረሰ፣ ሚስቴም አፈር ገባች፤ የቀረሁ እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ፌንጣ ተረት አትጠግብም፤ የማውቀውን ሁሉ ጨርሼ ከራሴ መፍጠር ጀመርኩ። አንድ ቀን ስለ አንድ ግልገል ጃርት አወራኋት። አባቱ ምግብ ሊያመጣ ሲወጣ ነፋስ የጓዳውን በር ዘጋበት፤ ሁለት አይጦች በስንጥቅ ገብተው ሲያጫውቱት ቆዩ፤ አባቱ በሩጫ መጥቶ ከፈተለት፤ ተቃቀፉ፤ አለቀ። ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ። እሷ ግን እንዴት ወደደችው! "አባባ፣ ጻፈውና መጽሐፍ ይሁን፣ ሥዕልም አድርግበት" ብላ ነዘነዘችኝ። አሳታሚ ሽማግሌ አያስጠጋም፤ በራሴ አሳትመዋለሁ አልኩ።

ጽሑፉ በአንድ ሳምንት አለቀ። ሥዕሉ አራት ወር ፈጀ። በየገጹ እንደ ልማዴ በእርሳስ ነድፌ፣ በቀለም አጥብቄ፣ ለልጅ ዓይን እንዲጥም ቀለም ሞላሁበት። ስሠራ ያለሁበትን አላውቅም፤ እጄ ራሱ ይሄዳል። በጣም ያማረልኝ ጓዳው ነው።

ማተሚያ ቤቱ የአንድ ጎረምሳ ነው፤ ቀልድ ይወዳል። ለሙከራ የታተመውን ወረቀት ብርሃን ላይ ይዞ አገላበጠና፣ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? በሩን ነፋስ ነው የዘጋው ይላል ጽሑፉ። መቀርቀሪያውንም ነፋስ ነው የጣለው?" አለኝ። ሳቀ። "አንተ ማተሙን አትም! ደራሲው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?" ብዬ ጮህኩበት። ያኔ ቆም ብዬ ወረቀቱን ማየት ነበረብኝ። ግን በሥራዬ ሲገባብኝ ዓይኔ ይጨልማል፤ ፊርማዬን አኑሬ ወጣሁ። አምስት መቶ ቅጂ ታተመ፣ በካርቶን ታስሮ አልጋዬ ሥር ገባ። "ጸሐፊ፣ ሠዓሊና አሳታሚ" ተብሎ ስሜ ሦስት ጊዜ ወጥቷል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የመጀመሪያውን ቅጂ ቅዳሜ ለፌንጣ ሰጠኋት፤ አቅፋው ሄደች።

ረቡዕ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ልጄ ነው፤ ብቻውን። ፊቱ አመድ መስሏል። "ግባ እንጂ፣ ሻይ ላፍላ?" አልኩት። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ከብብቱ ሥር መጽሐፉን አወጣ፤ ዘጠነኛውን ገጽ ገለጠልኝ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የጃርቱ ጓዳ ነዋ" አልኩት።

"አባዬ፣ ደህና አድርገህ እየው።"

አየሁት። የጃርት ጉድጓድ ውስጥ የእኛ ቤት ጓዳ ቁጭ ብሏል። በሩን እንደ ሕንፃ ንድፍ ከውጭም ከውስጥም ስዬዋለሁ፤ ከሦስት ጣውላ፣ መሐለኛው ከግራና ከቀኙ የሚጠብ። ከውጭ መቀርቀሪያ፣ ለአራት ብሎን የተበሳ፣ አንደኛው የወለቀ። ከበሩ ሥር ሦስት ጣት የምታስገባ ክፍተት፣ በክፍተቷ የሚገባ ብርሃን። በሩ ከውስጥ በኩል፣ ከታች፣ በስድስት ዓመት ልጅ ቁመት፣ የጥፍር ጭረት። ስምንት ነው፤ የሳልኩት እኔ ነኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የኔን ያወጣው እርሳስ ነው።

"አንተ ያላየኸውን አትስልም" አለኝ ልጄ። "ጃርቷን እንኳ ሄደህ አይተህ ነው የሳልካት። ይሄን የት አየኸው?"

መጽሐፉን ወደ እሱ ገፋሁት። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። ከሁለት ወር ወዲህ የአእምሮ ሐኪም ጋ እየተመላለሰ ኖሯል፤ ለሚስቱ ካልሆነ ለማንም አልተናገረም። መሥሪያ ቤቱ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በሊፍት መውጣት ካቆመ ቆይቷል። የስብሰባ አዳራሹ በር ሲዘጋ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ባለፈው ወር አለቆቹ ፊት ወድቋል።

"ሐኪሙ አንድ ነገር ይጠይቀኛል" አለኝ። "ሆኗል ወይስ አልሆነም? ሆኖ ከሆነ መንገድ አለው፣ ቀስ እያልን እናወጣዋለን ይላል። ያልሆነ ነገር ከሆነ ግን፣ ሠላሳ ዓመት ያልሆነ ነገር እያየሁ ከኖርኩ፣ እሱ ሌላ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ። አላውቅም ብዬው እመለሳለሁ። አባዬ፣ እኔ አልቀየምህም። በእናቴ አጥንት አልቀየምህም። አዎ በለኝና ቁርጤን ልወቅ።"

አዎ ልለው ነበር። እመኑኝ፣ ከንፈሬ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ሌላ ጥያቄ ቀደማት።

"አዎ ብልህ፣ ፌንጣስ?"

"አልዋሽህም" አለኝ። "እየመጣሁ እጠይቅሃለሁ፣ ስትታመም አስታምምሃለሁ። እሷን ግን ይዤልህ አልመጣም። አልችልም።"

ቅዳሜ ታየኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ደረጃው ላይ የእግሯ ኮቴ ሳይሰማ። ከዚያ የሚቀጥለው ቅዳሜ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ስንት ቅዳሜ ይቀረኛል? አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"የት አየኸው ነው የምትለኝ? አንተው ነህ የነገርከኝ።"

"እኔ? ጭረቱን እኮ ለማንም ተናግሬ አላውቅም!"

"በትኩሳትህ ጊዜ፣ ልጄ። ሰባት ቀን ሙሉ ራስጌህ ተቀምጬ ስትለፈልፍ ሰማሁ። መቀርቀሪያውን፣ ብርሃኑን፣ በጥፍርህ መጫርህን። አንድም አላስቀረህም። እርጥብ ጨርቅ ግንባርህ ላይ እያደረግኩ፣ አይዞህ እያልኩ ስሰማህ ነበር። ከኅሊናዬ አልጠፋ ቢለኝ ለልጅህ ተረት አደረግኩት። ጥፋቴ ይሄ ከሆነ፣ አዎ፣ አጥፍቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በወሬ የሰማሁትን የሳልኩት ይሄን ብቻ ነው።"

ራስጌው መቀመጤ እውነት ነው። እርጥቡ ጨርቅም እውነት ነው። ልጄ ያን ያስታውሳል፤ እንደሚያስታውስ ስለማውቅ ነው የተናገርኩት። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየሁ።

"ጨርቁ ሰማያዊ ነበር" አለ።

"ሰማያዊ ነበር" አልኩት።

መጽሐፉን ዘጋው። ሁለት እጁን ሽፋኑ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ደረጃውን ወርዶ ቢሄድ፣ ቢሰድበኝ፣ መጽሐፉን ፊቴ ላይ ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር። ከወንበሩ ተነስቶ መጣና ጉልበቴ ሥር ተንበረከከ። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው፣ ፀጉሩ መሸበት ጀምሯል።

"ይቅር በለኝ አባዬ" አለኝ። "ልጅህ ሆኜ ዕድሜህን ሙሉ ስምህን አጠፋሁት። በሽተኛው እኔ ነኝ። ነገ ሄጄ አልሆነም እለዋለሁ፤ የሚሰጠኝንም መድኃኒት እውጣለሁ።"

እጄን ራሱ ላይ አደረግኩ።

"ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ" አልኩት። "ቅዳሜ ልጅቷን በጊዜ አምጣልኝ።"