የከሳው ሽቦ

ዶክተሩ ደረቱን ነፍቶ አሲድ ያለበትን የውሃ ብርጭቆ ለእንግዶቹ አሳየ። «ከውሃ ሃይድሮጅን ለማውጣት ውድ ፕላቲነም መግዛት ቀረ! ከከሰል የሠራሁት ዱቄት ይበቃል» አለ። እውነትም ዱቄቱ ከተቀባበት ዘንግ አረፋው ይንፎለፎል ነበር። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

የቤተ ሙከራው አንጋፋ ቴክኒሻን ጥግ ላይ ቆማ «ወይ አለመማር!» አለች በልቧ፤ ሰውየው ሦስት ዲግሪ ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። ከዘንጉ ማዶ እዚያው ብርጭቆ ውስጥ የተነከረው፣ የኤሌክትሪኩን ዑደት የሚያሟላው ሽቦ ራሱ ፕላቲነም ነው። አሲዱ ውስጥ ቀስ በቀስ እየሟሟ ሄዶ ዱቄቱ ላይ ይለጠፋል፤ አረፋውን የሚያወጣው ይህ ፕላቲነም እንጂ ከሰሉ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ብትነግረው «እህቴ፣ አንቺ ብርጭቆሽን እጠቢ» ብሏት ነበር።

እሷም አጠበች። ሽቦውንም አጥባ፣ መዝና፣ ክብደቱን ጽፋ አስቀመጠች።

አሁን አንዱ እንግዳ ዞር ብሎ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አላት። ማብሪያውን አጠፋችና ሽቦውን አውጥታ፣ አድርቃ ሚዛኑ ላይ ጣለችው። ያለፈውን ሳምንት ክብደት የጻፈችበትን ወረቀት ከጎኑ ዘረጋች። ሽቦው ከስቷል።

«አረፋውስ ያማረ ልጅ ነው፣ ዶክተር» አለች ሽቦውን በአገጯ እያሳየች፤ «አባቱ ግን ጎረቤት ነው።»