ከፊት የሚስበው ኮት

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሩ» ይለዋል። ሜትር ግን በእጁ ይዞ አያውቅም። ደንበኛ በሩን ከፍቶ ሲገባ አንዴ ቀና ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይቆርጣል። ያስተማረው አባታችን ነው፤ «ሜትር የሰውየውን ርዝመት ይነግርሃል እንጂ አቋቋሙን አይነግርህም» ይል ነበር። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። አባታችን ካረፈ ወዲህ ልብስ ስፌት ቤቱም፣ ከላይ ያለው መኖሪያም የሁለታችን ነው። ሁለታችንም አላገባንም። እሱ ዓይን አፋር ስለሆነ፣ እኔ ምላሴ ከመርፌዬ ስለሚስል።

የመጀመሪያውን ኮት ይዞ የተመለሰው ጎረቤታችን ፋርማሲስቱ ነው።

«እህቴ፣ ይሄ ኮት ከፊት ይስበኛል» አለኝ።

«ኮቱ ነው ወይስ ቦርጭህ?»

«ቦርጬንማ ለምጄዋለሁ» ብሎ ሳቀ። ኮቱን ግን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ።

ቀጥላ የሙዚቃ መምህርቷ መጣች። ኮቱን ከለበሰች ወዲህ ደረጃ መውጣት እንደሚያቅታት፣ ተማሪዎቿ ፊት ቆማ ቁጭ በይ ቁጭ በይ እንደሚላት ነገረችኝ። «ከሳቅሽም ሳቂ፤ ስለብሰው አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል» አለች። ከእሷ በኋላ የባንኩ ዘበኛ መጣ። ወታደር የነበረ ሰው ነው፣ ሲቆም ምሰሶ ነው። ኮቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ሰጠኝና «ውስጡ ሌላ ሰው አለ» አለኝ።

የተመለሱትን ኮቶች ጓዳው ውስጥ ሰቀልኳቸው። ጓዳው መስኮት አለው፣ ቀኑን ሙሉ ብርሃን ይገባበታል። ያም ሆኖ ክር ለማውጣት ስገባ ጀርባዬን ልሰጣቸው አልወድም ነበር። ከኋላ ሲታዩ አንገታቸውን ደፍተው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ይመስላሉ። መስቀያ ቀየርኩላቸው፤ ያው ናቸው። በካውያ ደጋግሜ ተኮስኳቸው፤ ያው ናቸው። ገበሩን ፈትቼ የከበደ ነገር ካለ ብዬ በእጄ ዳሰስኩ። ከጨርቅ በቀር ምንም የለም።

ሜትሩን ስጠይቀው ቀና እንኳ አላለም። «ጨርቁ ነው እትዬ። የዘንድሮ ጨርቅ ከባድ ነው» አለኝ።

ያን ሰሞን እሱም እንግዳ ሆኖብኝ ነበር። ሲቆርጥ ያፏጭ የነበረ ሰው ማፏጨቱን ተወ። ዳቦ ሳቀርብለት «ካርቶን ካርቶን ይለኛል» ብሎ ይገፋዋል። ጎህ ሳይቀድ ይነቃና አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ አንድ እግሩ ጫማ አድርጓል፣ ሌላውን ጫማ በእጁ ይዟል። ቁርስ ሠርቼ ስመለስም እንደዚያው ነው።

«ጠብቀው፣ ጫማው እንቁላል ይጥልልህ ይሆናል» እለዋለሁ።

ይስቃል። ደንበኛ ፊትም ይስቃል። ጥርስ ባዳ ነው ሲባል ስሰማ ነው ያደግሁት፣ እኔ ግን ጥርሱን አይቼ ደህና ነው አልኩ። መጀመሪያ ስንፍና መሰለኝ። ቆይቶ ደግሞ ፍቅር መሰለኝና የትኛዋ ትሆን ብዬ የሰፈሩን ሴቶች በዓይኔ ስሰልል ከረምኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት እሱ ክር ሊገዛ ሲወጣ፣ ነገሩ አላስቀምጥ ብሎኝ የዘበኛውን ኮት ራሴ ለበስኩት። ትከሻዬ ወዲያው ወደ ፊት ተጎተተ፣ አንገቴም ሰበር አለ። ቀና ልበል ብል ከኋላ ያለው ጨርቅ ተርፎ ይጨማደዳል፣ ከፊት ያለው አጥሮ ይይዘኛል። ጎንበስ ስል ግን ልክክ ይላል። ወደ መስታወቱ ዞርኩና ክው አልኩ። መስታወቱ ውስጥ የቆመው ሜትሩ ነው። የትከሻው አወዳደቅ፣ የእጁ አንጠለጣጠል፣ ወለሉን የሚያየው ዓይኑ ሁሉ የእሱ ነው። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ጎባጣ ሰው ኮት ሲቆረጥለት ከኋላ ይረዝማል፣ ከፊት ያጥራል። ይህን የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም። ወንድሜ ጎባጣ አይደለም፣ ገና አርባም አልሞላው። ግን ለፋርማሲስቱም፣ ለመምህርቷም፣ ለዘበኛውም የቆረጠው አንድ አቋቋም ነው። ስፋቱ የየራሳቸው ነው፤ ጉብጠቱ የእሱ ነው። በሌላ ቤት ቢሆን ቆራጭ ሲሳሳት የተለካው ቁጥር ያርመዋል። እኛ ቤት ያለው የእሱ ዓይን ብቻ ነበር።

የአባታችን አሮጌ ሜትር የሆነ ቦታ አይጠፋም ብዬ የመቁረጫ ጠረጴዛውን የታችኛ መሳቢያ ጎተትኩ። ሜትር አላገኘሁም። በካኪ ወረቀት የተጠቀለለ ኮት አገኘሁ። ለጥሩ ደንበኛ ብዬ ያስቀመጥኩት ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ በስፌት መኪና ሳይሆን በእጅ ተሰፍቷል። ልኩ የሜትሩ ነው። ገለበጥኩት። ጀርባው ከኮሌታው እስከ ታች ክፍት ነበር።

እንዲህ ያለ ኮት ሰፍተን እናውቃለን፣ ሰው የሞተባቸው ለሟቹ ሲያዙን። እጁን ማንሳት ለማይችል ሰው ኮት ከኋላ አይዘጋም፤ ከፊት ይለበስና ዳርና ዳሩ ጀርባው ስር ይሸጎጣል። እንዲህ ያለ ልብስ ሲሆን አባታችን ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ አይተውም ነበር፤ «ከእንግዲህ አይወፍርም» ይላል።

ሜትሩ ክሩን ይዞ ሲገባ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። የዘበኛው ኮት ከላዬ አልወረደም፣ ሰማያዊው ጭኔ ላይ ነው።

«ይሄ ለማን ነው?» አልኩት።

«ለደንበኛ።»

«አንተ!»

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እሱ ግን በዝምታ ውስጥ ውስጡን ነቅዞ ነበር።

«ልትሞት አስበሃል?» ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን አስደነገጠኝ። ሌላ ቃል ግን አልነበረኝም።

ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «መሞት እንኳ አይደለም እትዬ...» አለ። «አዎ። አንዳንዴ። መነሳት ሰለቸኝ። ጠዋት ስነቃ የሆነ ሰው ትከሻዬ ላይ ተቀምጧል። ደንበኛ ሲገባ ቀና ብዬ አያለሁ፣ የእሱም ትከሻ ላይ ያው ሰው ተቀምጧል። ሰው ሁሉ እንዲህ ተሸክሞ የሚኖር መሰለኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ማን ሞተብኝ? ምን ጎደለኝ? ደግሞ ስስቅ ደስ ይልሽ ነበር።»

አንጀቴን በላው። ለካ እንደ ማሽላ እያረረ ነበር የሚስቀው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብዬ እጁን ያዝኩ፣ ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘጋሁና ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሟ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ፣ ድሮ ደስ ይለው ስለነበረው ነገር ጠየቀችው። እኔ የጠየቅኩትንም ጠየቀችው፣ ድምጿን እንኳ ሳትቀይር። «ድባቴ ይባላል። በሽታ ነው። ስንፍናም ጥጋብም አይደለም፣ ይታከማል» አለችው። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «የሚያለቅስ ብቻ አይምሰልሽ የሚታመመው» አለችኝ። ለጊዜው ብቻውን እንዳልተወው፣ መድኃኒቱንም እኔ እንድይዘው ነገረችኝ።

ዛሬ ውጦ ነገ የዘፈነ የለም። ቀጠሮ እየተመላለስን ብዙ ጠዋት ጫማውን ይዞ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ስለ እንቁላሉ አላነሳበትም። አዲስ ሜትር ገዛን፤ ደንበኛውን እኔ እለካለሁ፣ እሱ ሲችል ይቆርጣል። ጓዳ ያሉት ኮቶች እንዳቀረቀሩ ናቸው። አንድ ቀን ገብቶ ፊታቸው ብዙ ቆመ።

«እነዚህ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ወይ ጉድ! አገሩ ሁሉ እኔን ለብሶ ሲዞር ከርሟላ!»

ሳቀ። በዚህኛው ሳቅ ዓይኑም አብሮት ሳቀ።

ብዙ ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ዞር ስል ያን ሰማያዊ ኮት ለብሷል። ቁም ሳጥን አናት ላይ ደብቄው ነበር። ጀርባውን ሰጠኝ፤ በክፍቱ በኩል ነጭ ሸሚዙ ይታያል።

«ጀርባውን ስፊልኝ» አለ።

«አውልቀዋ።»

«እንደለበስኩት።»

ከታች ጀምሬ ወደ ላይ ሰፋሁት። አትነቃነቅ እያልኩ ተቆጣሁት። ኮሌታው ላይ ስደርስ ክሩን ቋጥሬ በጥርሴ በጠስኩት። እሱ ወደ መስታወቱ ሄዶ ቆለፈው፣ ቀና አለ፣ ሁለቱን ዳር ወደ ታች ጎተት ጎተት አደረገ።

«እትዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ኮት ከፊት ይስበኛል።»

ተንበርክኬ የኮቱን የፊት ጠርዝ ገለበጥኩ። እንደማይረዝም አውቃለሁ፤ ለእንዲህ ያለ ልብስ ማን ትርፍ ይተዋል? ግን ገበሩ ስር አራት ጣት የሚያህል ጨርቅ ታጥፎ፣ ተተኩሶ ተቀምጧል።

«ይህን ለምን ተውከው?»

ጎንበስ ብሎ አየው። «እንጃ» አለ። «እጄ ነው የተወው።»

መቀሱን አንስቼ ስፌቱን መፍታት ጀመርኩ።