ደርሶ መልስ

አባቷ የደወለ ዕለት ሜትር ከደስታዋ ብዛት በአንድ እግሯ ብቻ ካልሲ አድርጋ ነው ወደ አጎቷ ጋራዥ የሮጠችው። ኧረ እውነቴን ነው! ባዶውን እግሯን ጫማው ሲልጠው እንኳ አልተሰማትም። አባቷ ምን እንዳላት ብትሰሙ እናንተም ትሮጡ ነበር። ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው አላት። ሁለት መኪኖች በፎቶ አይቶ ልቡ ተከፍሏል፣ የሚሸጡት ደግሞ እነ ሜትር ከተማ ነው፣ ስለዚህ "አንቺ እዪልኝ፣ ሜትሬ" አላት።

እሱ ያለው ይህን ብቻ ነው። የቀረውን እሷ ራሷ ጨመረችበት።

ሜትር እውነተኛ ስሟ እንዳይመስላችሁ። አባቷ የአልሙኒየም በርና መስኮት ሠሪ ነው፤ እሷ ደግሞ ገና በዳዴዋ ከኪሱ ቢጫውን ሜትር እየሳበች የድመቷን ጅራት፣ የዳቦውን ውፍረት፣ የእናቷን አፍንጫ ስትለካ ነው ያደገችው። ስሙን ያወጣላት እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከእናቷ ጋር ተለያይቶ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ብሎኑን ሳይቀር ለቃቅሞ ሄደና ቢጫውን ሜትር ረሳው። እሷም "ረስተሃል" ብላ አልደወለችም። ትራሷ ሥር ከተተችው። የረሳውን ሊወስድ አንድ ቀን ይመጣላ!

መጀመሪያ በየቅዳሜው ይመጣ ነበር። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ሆነ፣ ከዚያ በየወሩ፤ አሁንማ ከመጣ አራት ወር አልፎታል። ሰበቡ ሁልጊዜ አውቶቡሱ ነው። አውቶቡሱ ሞላ፣ አውቶቡሱ ቀረ፣ የአውቶቡሱ ወንበር ወገቤን ገደለኝ። ሜትር አውቶቡስ የሚባል ነገር በሙሉ ጠላቷ ሆነ፤ መንገድ ላይ ሲያልፍ ትገላምጠዋለች። እና አሁን መኪና ሊገዛ ነው! ይሄ እኮ ሒሳብ አይፈልግም። አውቶቡስ ከሌለ ሰበብ የለም፣ ሰበብ ከሌለ ቅዳሜ አለ።

አጎቷ፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ በከተማው የሚታወቀው "የባትሪ ሐኪም" በሚል ነው። ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱ ጋ ነው የሚያመጣት። የሱ ምርመራ ግን የሚጀምረው ከመኪናዋ ሳይሆን ከሰውየው ነው። ጎማ ሳያይ፣ በር ሳይከፍት፣ "የት ልትሄድባት ነው?" ይላል፤ ሰውየው እስኪመልስለት እጁን ከኪሱ አያወጣም። መኪና ጥሩና መጥፎ የላትም፣ የምታደርስና የማታደርስ እንጂ፣ ይላል።

ሜትር ላብ በላብ ሆና ስትነግረው ፊቱ ኮሶ የጠጣ መሰለ።

"በልጅ በኩል ነው የሚልክብኝ? እኔ ስልክ የለኝም?"

ያው አባቷ ከፍቺው ወዲህ አጎቷን ቀና ብሎ የሚያይበት ፊት እንደሌለው ሁለቱም ያውቃሉ። ግን የልጅቷ ዓይን እንዲያ ሲያበራ ማን ይጨክናል? እጁን ከኪሱ አወጣ። የት ሊሄድባት ነው ብሎ አልጠየቀም። እሷ ሳትጠየቅ ነግራዋለች፤ "ወደኛ ነዋ፣ በየቅዳሜው" ብላዋለች። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ያቺን ጥያቄ የዘለላት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ሒሳቡን ስሙኝ። ከአባቷ ቤት እስከነሱ ቤት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ነው። በመሃል ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ አንድም የለም። እነሱ ከተማ ያለው ብቸኛ ቻርጀር ደግሞ ያለው አጎቷ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ አባቷ እዚያ መጥቶ "ወንድሜ፣ እስኪ ሰካልኝ" ከሚል መኪናዋን እየገፋ ቢመለስ ይመርጣል። ስለዚህ የምትገዛው መኪና አንዴ ሞልታ፣ መጥታ፣ ምንም ሳትሰካ ተመልሳ ቤቷ መግባት አለባት። ደርሶ መልስ፣ ሁለት መቶ ሃያ። ሜትር ቁጥሩን በደብተሯ ሽፋን ላይ በቀይ ጻፈችና ዙሪያውን ልብ ሳለችበት።

ሁለቱ መኪኖች የቆሙት ከጋራዡ አጠገብ፣ አንድ ደላላ ግቢ ውስጥ ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፤ መልካቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ነጯ ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስክሪኗ ትሪ ያክላል፣ ወንበሯ አዲስ አዲስ ይሸታል፣ ደላላው "እኔ ባላገባ ኖሮ እቺን ነበር የማገባው" እያለ በክርኑ ይወለውላታል። ግራጫዋ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ የኋላ በሯ ቀለም ከሌላው አይገጥምም፣ የኋላ ወንበሯም ተቀዶ በሌላ ተቀይሯል። ምስኪን ናት። የነጯ ዳሽቦርድ ሲሞላ መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል፣ የግራጫዋ ሁለት መቶ ሃምሳ።

አጎቷ ሁለቱንም ቁጥር አይቶ ሳቀ። የዳሽቦርድ ቁጥር ላም አለኝ በሰማይ ነው አላት። መኪናዋ ገና የምትሄደውን ለክታ አታውቅም፤ ሰሞኑን በተነዳችበት ሁኔታ ነው የምትገምተው። ደላላው ደግሞ ግቢው ውስጥ ቀስ እያለ ሲያዞራት ስለከረመ፣ ዳገት የለም፣ ጭነት የለም፣ እሷም ኑሮ ሁልጊዜ እንዲህ ይመስላታል።

"የምትነግርሽ የነገውን አይደለም" አላት። "የትናንቱን ነው።"

ሜትር ይህን በደብተሯ ጻፈችው። አሰመረችበትም።

ፈተናው ሦስት ቀን ፈጀ፤ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ትመጣለች። መኪናዋ ጢም ብላ ትሞላና፣ ኋላ ሦስት ጆንያ አሸዋ ይጫናል፣ ኤሲው ይከፈታል፣ መብራቱ ይበራል፣ ከዚያ ከውሃ ታንከሩ ዳገት እስከ ቀለበት መንገዱ መዞር ነው፣ እንደገና መዞር ነው። ሜትር አሸዋዎቹን የደህንነት ቀበቶ አስራላቸው ነበር። አጎቷ በመስታወት እያየ፣ ሰዎቹ ዝም ካሉ ምቾት አግኝተዋል ማለት ነው አላት፤ እሷ በሳቅ ፍርስ።

ከዚያ ነጯ ጉዷ ወጣ። ምርመራ መሣሪያው ሲሰካባት ባትሪዋ ከመቶ ሰባ አንድ ብቻ ቀርቶታል። ታክሲ ነበረች ለካ፤ በየቀኑ በፈጣን ቻርጀር እየተጠበሰች ኖራ ቀለም ተቀብታ ነው የመጣችው። ስትነዳም መቶ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ጋራዡ በር ላይ፣ በቃኝ አለች። ግራጫዋን ግን አንዲት አስተማሪ ናቸው ቤታቸው ቀስ አድርገው እየሞሉ የነዷት፤ ባትሪዋ ሰማንያ ስምንት። ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች፣ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ! ሜትር ወርዳ የተዛነፈውን በሯን ሳመችው። ዋጋውን ለእውነተኛው ኪሎ ሜትር ስታካፍለው ደግሞ፣ የነጯ አንድ ኪሎ ሜትር የግራጫዋን ሁለት እጥፍ ያልፋል።

አራት ገጽ ሠንጠረዥ አዘጋጅታ ፎቶ አንስታ ለአባቷ ላከችለት። ነጯ በአንድ ጉዞ እንኳ ስድስት ኪሎ ሜትር ይጎድላታል የሚለውን በቀይ ከበበችው። እሱም "ጎበዝ የኔ ሜትር" ብሎ መለሰላት። ያንን መልስ ስንት ጊዜ እንዳነበበችው ልንገራችሁ? አልነግራችሁም።

ቅዳሜ አባቷ መጣ፤ በአውቶቡስ። ሜትር ይሄ የመጨረሻው አውቶቡስ ነው ብላ ይቅር አለችው። ከማለዳ ጀምራ ግራጫዋን አጥባ፣ መቶ በመቶ ሞልታ፣ አፍንጫዋን በአጎቷ ወደ መውጫው አስዙራ አስቁማት ነበር። አባቷ ሲያቅፋት እንደ ድሮው ሸተታት፤ የአልሙኒየም ብናኝና ሳሙና። አጎቷ ለሰላምታ እጁን ዘረጋ፤ ግን የድሮው "አንተ" ቀርቶ "እንደምን ሰነበቱ" ሆነ። ማክበሩ እንዳይመስላችሁ። አባቷም ገብቶት አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ነጯ ሄደ። የፊቱን በር እንኳ አልከፈተም፤ የኋላውን ነው የከፈተው።

"ሜትር ይዘሻል?" አላት።

ይዛ ነበር፤ ቢጫውን። ስትሰጠው ዓይን ዓይኑን አየችው፣ ያውቀዋል ብላ። እሱ ግን ሳበና የኋላውን ወንበር ስፋት ለካ፤ የበሩን ከፍታ ለካ፤ የዕቃ መጫኛውን ጥልቀት ለካ። ከዚያ በወንበሩ መቀመጫና መደገፊያ መሃል እጁን አስገብቶ ሲዳስስ ቆየና ፈገግ አለ። እንዴት ያለ ፈገግታ መሰላችሁ። እነሱ ቤት ውስጥ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

"እዚህ አሉ" አለ ለራሱ።

ግራጫዋም ጋ ሄዶ እዚያው ቦታ እጁን አስገባ። ወንበሩ የተቀየረ ነው፣ ምንም የለም። በሩን ዘጋው። ስለ ባትሪው አልጠየቀም። ስለ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱም አልጠየቀም። አጎቷ እዚያ ቆሞ ሁሉን ያይ ነበር፤ ቀድሞ የገባው እሱ ነው፤ እጆቹን ኪሱ ከቶ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

"ነጯን ነው የምወስደው" አለ አባቷ።

ሜትር ሠንጠረዡን ያላነበበው መሰላት። ደብተሯን ልትገልጥለት እየታገለች፣ "አባዬ፣ ነጯ እኮ አትደርስም" አለችው።

"የት ነው የማትደርሰው?"

አያችሁ፣ ተንኮል የለበትም። ግራ ገብቶት፣ ከልቡ ነው የጠየቃት። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት፣ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፣ ለከተማ ትበቃኛለች አላት። ሜትር አፏን ከፈተች። "እኛ ጋ" የምትል ሁለት ቃል እኮ ናት። ደብተሯን መልሳ ዘጋችው።

"የትም" አለች። "እንዲሁ ነው ያልኩት።"

ያን ጊዜ ነው የነገራት። ቀደም ብሎ ሊነግራት አስቦ እንደነበር፣ በስልክ ከብዶት እንደቆየ፣ አዲሷ ባለቤቱ ለመውለድ ሁለት ወር እንደቀራት። ወንበሩ መሃል የፈለጋቸው ብረቶች የሕፃን ወንበር ማሰሪያ ናቸው፤ ግራጫዋ የላትም። እህት ትሁን ወንድም ገና እንዳልታወቀ፣ ግን ሜትር እንደምትወደው እርግጠኛ እንደሆነ ነገራት።

"ሕፃን ይዞ ደግሞ አውቶቡስ አይሆንም፣ አይደል?" አላት።

"አይሆንም" አለች ሜትር።

ከዚያ አጎቷ ማለት ያለበትን አለ። ነጯ መቶ አሥር ኪሎ ሜትር በራሷ ስለማትሄድ በጭነት መኪና ተጭና ነው የምትሄደው። አባቷ ይህን ሲሰማ ነው ስለ ርቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰበው፤ ቀና ብሎ ሜትርን አያት፣ ከዚያ ደብተሯን አየ፣ ሽፋኑ ላይ በቀይ የተጻፈውን፣ ልብ የተሳለበትን። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ደላላው ግን ቁልፉን እያቅጨለጨለ መጣ።

ጭነት መኪናው እስኪመጣ ሜትር ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀደደች። እንዲህ ጻፈች፦ "አባዬ፣ ዳሽቦርዱን አትመነው። እውነተኛው 104 ነው፤ ብርድ ሲሆን 90 በለው። ቀስ ባለው ቻርጀር ሙላት። ሕፃን ይዘህ ከ30 በመቶ በታች አትውጣ።" ወረቀቱን አጣጥፋ የነጯ መሪ ላይ አስቀመጠችው። ስትወጣ የኋላውን ወንበር እያየች ትንሽ ቆመች። ልጅ ነው፣ ምን አጠፋ።

አባቷ ግንባሯን ሳማት። እመጣለሁ አላት፤ መቼ አላለም፤ በምንም አላለም። ቢጫው ሜትር እጁ ላይ ነበር። እያወራት፣ ሳያስበው፣ እጁ ለምዶ፣ ሱሪው ኪስ ውስጥ ከተተው። ሜትር አየችው። መልስልኝ አላለችም፤ የሱ ነው። ጭነት መኪናው ላይ ከሹፌሩ ጎን ወጣ፣ ነጯ ከኋላው ተጭና እንደ ንግሥት ከፍ ብላ ሄደች። ለሜትር አቧራው ቀረላት።

አጎቷ ደላላውን አስፈቅዶ፣ በግራጫዋ ሜትርን ወደ ቤት ወሰዳት። ሰፈራቸው አራት ኪሎ ሜትር ነው።  የውሃ ታንከሩ ዳገት ላይ ሲደርሱ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አላት፤ መጠየቅ የነበረብኝን ሳልጠይቅ ቀረሁ። እሷ ዳሽቦርዱን እያየች ነበር። ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ይላል።

"አጎቴ፣ የትናንቱን ለስንት ጊዜ ነው የምታስታውሰው?"

"እንዴት?"

"መኪናዋ። በሌላ ዓይነት ከነዳሃት፣ የድሮውን ረስታ እውነቱን ለማሳየት ስንት ቀን ይፈጅባታል?"

 ሁለት ሦስት ቀን ይበቃታል አላት።

"እሷማ ጎበዝ ናት" አለች ሜትር። ከዚያ ደብተሯን ፊቷ ላይ ደፍታ፣ ዳገቱ እስኪያልቅ፣ ቁልቁለቱም እስኪያልቅ፣ ቤት እስኪደርሱ አለቀሰች። አጎቷ በሩ ላይ ቢደርስም አላቆመም። ሰፈሩን አንዴ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ። ቻርጁ እንደሆነ ሙሉ ነው።